አንድ ብር አልጨምርም ያለው ሰውዬ

ባለፈው ክረምት አክስቴ የእንጀራ ዋጋ ልታስጨምር ወደ አንድ ሆቴል ስትሄድ አብሬያት ሄጄ ነበር። ሆቴሉ ቱሉ ዲምቱ ነው ያለው፣ ከአዳማ ፈጣን መንገድ የሚወጡ ሹፌሮችና በየሳይቱ የሚሰሩ ሰዎች የሚበሉበት ደህና ቤት። አክስቴ በየቀኑ ጠዋት 200 እንጀራ በ20 ብር ታስገባለት ነበር። ጤፍ በክረምት ምን እንደሚሆን ታውቁታላችሁ፣ አዲሱ ምርት ገና ማሳ ላይ ነው፣ በዛ ላይ ብርዱ ሊጡን ያዘገየዋል፣ እንጨቱ ይረጥባል፣ መብራቱም ሲፈልግ ይመጣል ሲፈልግ ይሄዳል። አንዱ እንጀራ ለሷ ለራሷ 18 ብር እያስወጣት ነበር (ቁጥሮቹን ለስሌት እንዲመቹ ትንሽ አጠጋግቻቸዋለሁ)።

ስራ አስኪያጁ ገና ወንበር ሳንይዝ «ማዘር፣ ለዋጋ ከሆነ የመጡት አንድ ብር አልጨምርም፣ እንጀራ የሚያስገባልኝ ሞልቷል» አላት። አንድ ሰዓት ሳይሞላ በ23 ብር ተስማምተው ስንወጣ ደግሞ በር ድረስ ሸኘን፣ ያውም እየሳቀ። አክስቴ አልለመነችውም፣ አልተቆጣችም፣ የሚገርመው ጤፍ ተወደደ የሚል ቃል ራሱ ከአፏ አልወጣም። ከዛን ቀን ጀምሮ ቢሮ ውስጥ ከአቅራቢ ጋር በተቀመጥኩ ቁጥር ትዝ ይለኛል፣ ምንድነው ያደረገችው እላለሁ።

እኔ ስራዬ ግዥ ነው። ገላን አካባቢ አንድ ፋብሪካ ውስጥ ፕሮፎርማ እየሰበሰብኩ፣ ዋጋ እያወዳደርኩ፣ ከአቅራቢ ጋር እየተነጋገርኩ ነው የምውለው፣ ማለትም በየቀኑ የምቀመጠው ያ ስራ አስኪያጅ የተቀመጠበት ቦታ ላይ ነው። ለዛ ነው መሰለኝ ከሻጭ ጎን ሆኜ ሳየው ነገሩ የገረመኝ። ድርድር ሲባል ለብዙዎቻችን አንዱ 100 ሲል ሌላው 50 እያለ መሀል ላይ እስኪገናኙ መጓተት ነው። መርካቶ ጫማ ስትገዙ እሱ ያስኬዳል፣ ሻጩን ዳግመኛ ላታዩት ትችላላችሁ። ነገ ጠዋት ተመልሳችሁ ፊቱን ከምታዩት ሰው ጋር ግን እንደዛ አያዛልቅም።

ከመሄዷ በፊት

አክስቴ ወደ ሆቴሉ ከመሄዷ ቀደም ብላ ኮዬ ፈጬ አንድ የኮንስትራክሽን ካምፕ ካፌ አናግራ ነበር። ካፌው በቀን 100 እንጀራ በ22 ብር ሊወስድ ፈቃደኛ ነው፣ ችግሩ የሚከፍለው ወር ሲያልቅ ነው፣ ወር ሙሉ ጤፍ በራሷ ገንዘብ እየገዛች መጋገር ደግሞ ለሷ ከባድ ነው። ቢሆንም መውጫ ነው። የድርድር ትምህርት የሚሰጡ ሰዎች ባትና የሚሉት ይሄንን ነው፣ እዚህ ካልተስማማሁ ቀጥሎ ያለኝ የተሻለ አማራጭ የቱ ነው የሚለውን።

ስለዚህ ሆቴሉ ስትገባ የት ላይ እንደምትቆም ታውቃለች። ከ22 በታች ከሆነ ግማሹን ወደ ካምፑ ታዞራለች፣ በቃ። ይሄን ማወቅ ሰውን እንዴት እንደሚያረጋጋው ያየ ያውቀዋል፣ ድምጿ ራሱ ሌላ ነበር። ቢሮዬ የሚመጣ አቅራቢ መውጫ ያለው ይሁን የሌለው ብዙ ጊዜ ከአነጋገሩ ያስታውቃል፣ መውጫ የሌለው ቶሎ ቶሎ ያወራል፣ ሳልጠይቀው ራሱ ይቀንሳል። ደግሞ መውጫው የእውነት መሆን አለበት። «ሌላ ገዢ አለኝ» ያለኝን ሰው ስንት ፍሬ ነው የሚወስድህ፣ መቼ ነው የሚረከብህ ብዬ ስጠይቀው ከተንተባተበ ነገሩ እዛው አለቀ፣ ከዛ በኋላ እውነት ቢናገር እንኳን ማመን ይከብደኛል። አክስቴ የካምፑን ስም አላነሳችም። ማንሳትም አላስፈለጋትም።

የሱንም መውጫ ቁጭ ብላ አስባበት ነበር። ሞልቷል ያላቸውን አቅራቢዎች እሷ አንድ በአንድ ታውቃቸዋለች፣ ሰፈር ናቸው። አብዛኞቹ የሚጋግሩት በኤሌክትሪክ ምጣድ ብቻ ነው፣ መብራት በጠፋ ቀን 200 እንጀራ ጠዋት 1 ሰዓት ላይ ማድረስ አይችሉም፣ እሷ ግን የእንጨት ምጣዷን እስካሁን አልጣለችም። ተደራዳሪ ሌላ አለኝ ሲላችሁ ያ ሌላው በርግጥ የናንተን ስራ ይሰራለታል ወይ ብላችሁ ለራሳችሁ መልሱ። ፊት ለፊት አትከራከሩት፣ ለራሳችሁ ብቻ።

ጀርባ በር ላይ

እንግዲህ ዋናው ነገር የሆነው ቢሮው ውስጥ ሳይሆን ከዛ በፊት ነው። የምሳ ሰዓቱ ጋብ ሲል ነው የደረስነው፣ ስራ አስኪያጁ ሂሳብ ላይ ነበርና ጠብቁ ተባልን። እኔ ፊት ለፊት ያሉት ወንበሮች ላይ ልቀመጥ ስል አክስቴ በክንዴ ይዛ በጎን በኩል ወደ ጓዳ ወሰደችኝ፣ ጠዋት ጠዋት እንጀራ የምታስረክብበት በር ነው። አንዲት ልጅ ሳህን ታጥባለች። በርጩማ ሰጠችንና ቁጭ አልን።

ከበሩ አጠገብ ግድግዳውን ተደግፎ አፉ የተከፈተ ማዳበሪያ ቆሟል። አክስቴ ጎንበስ ብላ ከውስጡ አንዱን እንጀራ አወጣች። ጠርዙ ደርቆ ወደ ላይ ተጠቅልሏል፣ በጣቷ ስትነካው ቀሽ አለና ተሰበረ። ዓይኑን ወደ ብርሃን ዞር አድርጋ አየችውና «የኔ ነው» አለች፣ ዝግ ብላ፣ ልክ ልጇን መንገድ ላይ እንዳገኘች ሰው። ከዛ ልጅቷን ጠየቀቻት፣ ይሄ በየቀኑ ነው? ልጅቷም ለጠዋት ፍርፍር የሚሆነው ከተነሳ በኋላ የሚተርፈው ነው፣ ከብት ያላቸው ሰዎች መጥተው ይወስዱታል አለቻት። ስንት ይሆናል? «ሰላሳም አርባም ይሆናል እትዬ፣ ፆም ሲሆን ደግሞ ይለያያል።» ማታ የሚመጣው ሰውስ ምን ይላል? ልጅቷ ሳቅ ብላ «ደረቀ ነዋ የሚሉት» አለች።

በቃ ይሄው ነው። አክስቴ እንጀራውን መልሳ ማዳበሪያው ውስጥ አስገባችው፣ እጇን በነጠላዋ ጠረገች፣ ስንጠራ ተነሳን። እኔ ያኔ ምን እያሰበች እንደሆነ አልገባኝም፣ እንደውም የጋገረችው መጣሉ አናዷት ይሆናል ብዬ ፈራሁ፣ ተናዶ ወደ ድርድር የሚገባ ሰው መጨረሻው አያምርም።

ቢሮ ገባን፣ ሰውዬው ያቺን አንድ ብር አልጨምርም የምትለዋን ተናገረ። አክስቴ ዝም አለች። ዝም አይነቅዝም ይባል የለ፣ እውነትም እሱ ነው ዝምታው የከበደው፣ መልሶ ራሱ መናገር ጀመረ። የሆቴሉ ባለቤት በየወሩ መጨረሻ የወጪ ወረቀቱን ፊቱ ላይ ዘርግቶ ለምን ጨመረ እንደሚለው፣ ዘይት እንደጨመረ፣ በርበሬ እንደጨመረ፣ አሁን ደግሞ እንጀራም ጨመረ ብሎ ሊያስገባለት እንደማይችል። ይሄን ሁሉ ማንም አልጠየቀውም። አክስቴ እስኪጨርስ ጠበቀችውና እንዲህ አለችው፣

«ልጄ፣ ማታ ማታ እንጀራው ደረቀ የሚልህ ሰው አለ?»

ሰውዬው ቀና ብሎ አያት። እስከዛ ድረስ ስልኩንም ወረቀቱንም እየነካካ ነበር የሚያወራት፣ አሁን ስልኩን አስቀመጠ። «በጣም እንጂ ማዘር» አለ፣ ድምጹም ወረደ። ባለፈው አንድ ደንበኛ ሳህኑን መልሶልኝ ሄደ ብሎ ታሪኩን ሁሉ ነገራት።

ያቺን ደቂቃ ደጋግሜ አስባታለሁ። ከጥያቄዋ በፊት እሱ ጭማሪ የሚከለክል፣ እሷ ጭማሪ የምትጠይቅ ሰው ነበሩ። ከጥያቄው በኋላ ሁለቱም የሚደርቅ እንጀራ ያስቸገራቸው ሰዎች ሆኑ። ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ የሚባለው ለካ እንዲህ ነው። ሰውዬው የሚለውና ሰውዬውን የሚያስጨንቀው አንድ አይደለም፣ የሚለው አንድ ብር አልጨምርም ነው፣ የሚያስጨንቀው የወሩ ወጪና የማታው ደንበኛ ነው። አልጨምርም ላለው ጨምር እያሉ ቢውሉ መልስ የለውም፣ ለጭንቀቱ ግን አለው።

ሀሳቧ ይሄ ነበር። ጠዋት 200 ከማምጣት 110 ላምጣ፣ ከሰዓት 9 ሰዓት ላይ ደውለህ ለማታው የምትፈልገውን ንገረኝና ትኩሱን በባጃጅ ላስገባልህ። ሁለቱ ተደምሮ ወደ 160 ይሆናል፣ ዋጋው ግን 23 ነው። ሰውዬው ስልኩን መልሶ አነሳና ካልኩሌተሩን ከፈተ። 160 በ23፣ 3680። ድሮ የሚከፍለው 4000። አጥፍቶ እንደገና መታው፣ ያው 3680። ከዛ ስልኩን አዙሮ ለኛ አሳየን፣ እኛ የማናውቀው ይመስል።

ለአክስቴስ? በፊት 200 ጋግራ በአንዱ 2 ብር፣ በቀን 400 ብር ነበር የሚተርፋት። አሁን 160 ጋግራ በአንዱ 5 ብር፣ 800 ይሆናል፣ ለባጃጅ 100 ብር ብታወጣ 700 ይቀራታል። ምጣዱም በቀን 40 እንጀራ አረፈ፣ እሱን ካምፑ ልስጠው ካለችም የሷ ፈንታ ነው። ይሄ ሁሉ ገንዘብ ከማን ኪስ ወጣ ብትሉ ከማንም ኪስ አልወጣም፣ በየቀኑ ማዳበሪያ ውስጥ ሲገባ የነበረ ነው።

ከሰውዬው ጀርባ ያለው ሰውዬ

አሁን በደንብ ልናገር የምፈልገው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም የድርድር ምክር ሲሰጥ ብዙ ጊዜ የሚዘለል ይመስለኛል። ፊት ለፊታችሁ የተቀመጠው ሰው ብቻውን አይደለም። ከጀርባው አለቃ አለ፣ ሚስት ወይ ባል አለ፣ ኦዲተር አለ፣ ወንድም አለ። እናንተ ጋር ከተስማማ በኋላ ሄዶ ለዛ ሰው ማስረዳት አለበት። እኔ በስራዬ አንድ አቅራቢ ልመርጥ ስል መጀመሪያ የማስበው ፋይናንስ ለምን ይሄን መረጥሽ ብሎ ሲጠይቀኝ ምን እላለሁ የሚለውን ነው። ጎበዝ አቅራቢ መልሱን ራሱ አዘጋጅቶ ይመጣል። ዋጋዬ ከነእገሌ በዚህ ይበልጣል ግን ማጓጓዣው እኔ ላይ ነው፣ የተበላሸውን በሁለት ቀን እቀይራለሁ ብሎ በወረቀት ይሰጠኛል፣ እኔም ያንን ወረቀት ይዤ ፋይናንስ ፊት አላፍርም። ጎበዝ ያልሆነው ደግሞ እባክሽ እርጂኝ ይለኛል። ልረዳው ብፈልግ እንኳን በምኔ?

አክስቴ ለስራ አስኪያጁ የሰጠችው ትልቁ ነገር ያ 3680 የሚል ቁጥር ነው። ወር ሲያልቅ ባለቤቱ ፊት ይዞት የሚቀርብ ቁጥር። እንጀራ በ3 ብር ጨመረ ብሎ አይደለም የሚነግረው፣ የእንጀራ ወጪያችንን በቀን 320 ብር ቀነስኩ፣ ማታም ትኩስ ነው የምናቀርበው ብሎ ነው።

በትልቁም ዓለም እንዲሁ ነው። እ.ኤ.አ. በሴፕቴምበር 1978 የግብጹ አንዋር ሳዳትና የእስራኤሉ ሜናኸም ቤጊን በጂሚ ካርተር አደራዳሪነት ካምፕ ዴቪድ 13 ቀን ተቀምጠዋል። ጉዳዩ እስራኤል በ1967 የያዘችው ሲና በረሃ ነበር። ግብጽ አንዲት ስንዝር አልተውም ትላለች፣ እስራኤል ደግሞ የግብጽ ታንክ ድንበሬ ላይ እንዲቆም አልፈልግም ትላለች። ካርታ ላይ መሀል ላይ መስመር ብታሰምሩ ሁለቱም አይቀበሉም፣ ሁለቱም ሀገራቸው ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ሕዝብ አለ። የተስማሙት መሬቱ በሙሉ ለግብጽ እንዲመለስ፣ ከእስራኤል ድንበር አጠገብ ባለው ክፍል ግን የግብጽ ጦር እንዳይሰፍር ነው። በ1979 ተፈራረሙ፣ በ1982 እስራኤል ለቃ ወጣች። ሳዳት መሬቴን አስመለስኩ፣ ቤጊን ታንኩን አራቅኩ ማለት ቻሉ። ሰዎቹ እርስ በርስ ስላልተዋደዱ አብዛኛውን ቀን ለየብቻ ነበር ካርተር የሚያናግራቸው፣ ወረቀት ይዞ ከአንዱ ወደ አንዱ እየተመላለሰ። ሽማግሌ የሚባለው በኛም ሀገር ይሄንኑ ነው የሚሰራው።

ቁጥር ሲጠራ

መጀመሪያ ዋጋ ማን ይጥራ የሚለው ሁልጊዜ ይጠየቃል። ሁለት ተመራማሪዎች፣ ኤሞስ ትቨርስኪና ዳንኤል ካህነማን፣ እ.ኤ.አ. በ1974 ያወጡት አንድ ሙከራ አለ። ሰዎች ፊት ቁጥር ያለበት ጎማ ያሽከረክራሉ፣ ጎማው ተሰርቶበት ወይ 10 ላይ ወይ 65 ላይ ነው የሚቆመው። ከዛ ከተባበሩት መንግስታት አባላት የአፍሪካ ሀገራት ስንት ፐርሰንት ናቸው ብለው ይጠይቋቸዋል። 10 ያዩት ሰዎች መካከለኛ ግምታቸው 25 ነበር፣ 65 ያዩት 45። ጎማው ከአፍሪካ ጋር ምን አገናኘው? ምንም። ግን መጀመሪያ የሰማነው ቁጥር ሳናውቀው ይጎትተናል።

ስለዚህ ገበያውን የምታውቁ ከሆነ ዋጋውን ቀድማችሁ እናንተ ጥሩ፣ ምክንያቱን ከቁጥሩ ጋር አድርጋችሁ። የማታውቁ ከሆነ ጠይቁ፣ ሌላው የጠራው ቁጥር በጣም ሩቅ ከሆነም በዛ ቁጥር ላይ መከራከር አትጀምሩ፣ ወደ ጎን አድርጋችሁ ይሄ ከምን ከምን ተሰልቶ ነው የመጣው በሉት። የብር ምንዛሪ በገበያ ይመራ ከተባለበት ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ወዲህ እኛ ቢሮ «ይሄ ዋጋ ለዛሬ ብቻ ነው» የሚል ፕሮፎርማ በዝቶብናል። እኔ እንዲህ ሲመጣብኝ ከውጭ የሚገባው የትኛው ክፍል ነው፣ እዚሁ የሚሰራውስ የትኛው ነው ብዬ ለይቼ እጠይቃለሁ፣ ያኔ ወደ መሬት ይወርዳል። ቫትን ደግሞ ሳትጠይቁ አትለፉ፣ 15 ፐርሰንቱ ገብቶበታል ወይስ ከላይ ነው? ብዙ ጠብ ከሷ ነው የሚነሳው።

አክስቴ ጋር ስመለስ፣ ሰውዬው 3680ን ካየ በኋላ ያው ገዢ ነውና «በ22 አድርጊው» ብሎ ሞከረ፣ ደስ ሲለው ከእርስዎ ወደ አንቺ አልፏል። እሷም አይሆንም አላለችውም። «በ22 ካልክ በየቅዳሜው ትከፍለኛለህ፣ በ23 ከሆነ እንደ ድሮው በ15 ቀን ይሁን» አለችው። በየሳምንቱ ገንዘብ ማውጣት ለሱ ከባለቤቱ ጋር ሌላ ጣጣ ነው፣ 23 ይሁን አለ። እዚህ ላይ ያለችው ነገር ትንሽ ትመስላለች፣ ግን ቢሮ ውስጥ በየቀኑ የማየው ሰው የሚጎዳው በዚህ ነው፣ ትንሽ ቀንሺ ሲባል ዝም ብሎ ይቀንሳል፣ አንዴ በነጻ ከቀነሰ ደግሞ ሌላም ይጠየቃል። ስትለቁ በምትኩ የሆነ ነገር ተቀበሉ፣ ገንዘብ ባይሆን እንኳን ጊዜ፣ ወይ ብዛት፣ ወይ የአከፋፈል ሁኔታ።

ስንመለስ ባጃጅ ውስጥ ጠየቅኳት፣ እንደዛ ደስ ብሎት እያየሽው 25 ብትይው እሺ ይል ነበር እኮ አልኳት። «ነገ ሊጡ እምቢ ሊለኝ ይችላል፣ ዝናቡ መንገዱን ሊዘጋው ይችላል፣ የዛን ቀን ማን ይታገሰኛል?» አለችኝ። ወዳጅህ ማር ቢሆን ጨርሰህ አትላሰው ይባላል፣ እኛ ግን አንዳንዴ ድርድር ማለት ከሰውዬው ላይ የመጨረሻዋን ሳንቲም ማውጣት እናደርገዋለን። ተጨምቆ የተስማማ ሰው በመጀመሪያው ምክንያት ይተዋችኋል። እኔም የጨመቅኩት አቅራቢ ዕቃ ሲጠፋ መጀመሪያ የሚያደርሰው ለሌላው ነው፣ ይሄን ደግሞ አልፈርድበትም።

ደብተሩ ላይ

ከመውጣታችን በፊት አክስቴ የማስረከቢያ ደብተሯን ከፍታ ራሱ ሰውዬው እንዲጽፍበት አደረገች። ጠዋት ስንት፣ ከሰዓት ስንት፣ እስከ ስንት ሰዓት እንደሚደውል፣ ዋጋው፣ የሚከፈልበት ቀን፣ እና ጤፍ ከዚህ በላይ ከጨመረ ወይም ከቀነሰ ጥር ላይ እንደገና እንደሚነጋገሩ። የመጨረሻዋን እሷ ናት ያስገባቻት፣ ጥር ምርት ስለሚገባ ዋጋው ሊወርድ ይችላል፣ እሱም ያኔ የመጠየቅ መብት አለው ብላ። ሁለቱም ፈረሙ። በቃል ያለ ይረሳል የሚባለው እውነት ነው፣ ሰው ሊዋሽ ስለሚፈልግ ሳይሆን ሁለት ሰው አንድን ንግግር ሁለት አድርጎ ስለሚያስታውሰው።

ቀብድ ያለበት ውል ከሆነ ደግሞ ይሄን እወቁ። በ1952 በወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ አንቀጽ 1885 መሰረት ሌላ ስምምነት ከሌለ በስተቀር ቀብድ የሰጠው ሰው ውሉን ከተወ ቀብዱን ያጣል፣ የተቀበለው ከተወ ደግሞ እጥፍ አድርጎ ይመልሳል። በተለይ ዕቃ አሰርታችሁ የምታስረክቡ፣ ትዕዛዝ የምትቀበሉ ሰዎች ቀብድ ስትቀበሉ ይሄን አስባችሁ ይሁን።

ኪራይ ላይስ?

ይሄን ታሪክ ስነግራት አንዲት የስራ ባልደረባዬ፣ ኮዬ ፈጬ ኮንዶሚኒየም ተከራይታ የምትኖር፣ ኪራይ ላይ ግን ምን ድርድር አለ አለችኝ። አለ እንጂ፣ ግን መጀመሪያ ሕጉ የዘጋውንና የተወላችሁን ለዩ። በአዋጅ ቁጥር 1320/2016 የመኖሪያ ቤት ኪራይ ውል በጽሑፍ ሆኖ መመዝገብ አለበት፣ ከሁለት ዓመት ማነስ የለበትም፣ ቅድሚያ ክፍያ ከሁለት ወር ኪራይ አይበልጥም፣ ጭማሪም ተቆጣጣሪው አካል በሚያወጣው መሰረት በዓመት አንዴ ነው። ስለዚህ በዚህ ላይ ድምጽ ከፍ አድርጎ መጨቃጨቅ አያስፈልግም፣ አዋጁን አንብቦ መሄድ ነው። ሕጉ ያልነካው ብዙ ነገር አለ ግን፣ ውሃው፣ ቆጣሪው፣ ጥገናው፣ የሚከፈልበት ቀን።

የሷን ቤት የሚያከራየው ወኪል ነው፣ የቤቱ ባለቤት ሴትዮ ውጭ ሀገር ናት። ማለትም እዚህም ከጀርባ ሰው አለ። ውሃ በየቀኑ ስለማይመጣ ሮቶ ይገጠምልኝ ብላ ስትጠይቅ ሁልጊዜ እምቢ ይላት ነበር። እኔም ባልደረባዬን፣ ባለቤቷን ሴትዮ ምንድነው የሚያሳስባት፣ ወኪሉስ በየወሩ ምን ብሎ ነው ሪፖርት የሚያደርግላት ብዬ ጠየቅኳት። ሄዳ አወራችው። ሴትየዋን የሚያሳስባት የቤቱ አያያዝ ነበር፣ እሱን ያሰለቸው ደግሞ ኪራይ ለመሰብሰብ መመላለስ። አሁን ወር በገባ በመጀመሪያው ቀን በባንክ ታስገባለች፣ የቤቱን ፎቶ በቴሌግራም ለሱ ትልካለች፣ እሱ ለቤቱ ባለቤት ያስተላልፋል። የሮቶው ዋጋ ከኪራይ ላይ በአራት ወር ተከፋፍሎ እንዲቀነስ በጽሑፍ ተስማምተዋል፣ ሮቶው ቤቱን ስትለቅ እዛው እንደሚቀርም ተጽፏል።